ከነጩ ቀለም ሥር

ግድግዳውን መፋቅ የጀመርኩት በሽንኩርት መክተፊያ ቢላዋ ነው። ከመስኮቱ አጠገብ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ። ከላይ ነጭ ነበር፤ አክስቴ ለእህቴ ምርቃት ያስቀባችው። ከነጩ ሥር ክሬም ወጣ። ከክሬሙ ሥር የድሮ ክሊኒክ የሚመስል አረንጓዴ። ከአረንጓዴው ሥር ውኃ ሰማያዊ። ከሰማያዊው ሥር፣ የቢላዋው ድምፅ ሲቀየር፣ ቢጫ። የሎሚ ቢጫ አይደለም፤ የአደይ አበባም አይደለም። ደረቅ አፈር ላይ የማታ ፀሐይ ሲያርፍ የሚታየው ዓይነት ቢጫ።

የሶፍትዌር ሰው ስለሆንኩ ቶሎ የመጣልኝ ጊት ነው። ኮድ ስንጽፍ እያንዳንዱ ለውጥ ማን እንዳደረገው፣ መቼ እንዳደረገው፣ ለምን እንዳደረገው ይመዘገባል። ነገር ሲበላሽ ወደ ኋላ ሄደህ ታያለህ። ግድግዳም ለውጡን ይመዘግባል፤ ግን ቀን አይጽፍም፣ ምክንያትም አያስረዳም። ምክንያቱን ለማግኘት ሰው መጠየቅና መጽሐፍ መግለጥ የግድ ነው። እኔም ለወራት የሠራሁት ይኼንኑ ነው።

"አንተ ልጅ፣ ቤቱን ልታፈርስብኝ ነው?" አለች አክስቴ ከጓዳ።

"ላድሰው ነው እትዬ።"

"ያፈረሱትም ሁሉ እንዲያ ነበር የሚሉት።"

አስራ ሰባት ቀን

ቤቱ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ነው፤ ጣልያን በሠራው ሕንፃ ፎቁ ላይ። እኔ ግን የጎንደር ልጅ አይደለሁም። የተወለድኩት ገለጉ ነው፣ ቋራ፣ ሱዳን ድንበር አጠገብ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ስትቀመጥ የእኛ አገር 1,000 ሜትር እንኳን አይሞላም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል። ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ማሽላ፣ ከብት። ከዚያ ወዲያ አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከፓርኩ ወዲያ ሱዳን።

አክስቴ ከገለጉ ወደ ጎንደር የመጣችው በደርግ ጊዜ ነው። ሥራ አገኘች፣ የቀበሌ ቤት ተመራች፣ በዚያው ቀረች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይኼ ቤት ለዘመድ ሁሉ የከተማ ጣቢያ ሆነ። ለትምህርት የሚመጣ እዚህ ያርፋል። ለፍርድ ቤት ጉዳይ የሚመጣ እዚህ ያርፋል። እኔም ዘጠነኛ ክፍል ስገባ በአንድ ፌስታል ልብስ መጥቼ ኢንጂነሪንግ እስክመረቅ የኖርኩት እዚሁ ነው። አሁን ሥራዬ በላፕቶፕ ስለሆነ፣ ኔትወርክ እስካለ ድረስ፣ ተመልሼ ገብቻለሁ።

ከሁሉም የሚበዛው ግን ለሕክምና የሚመጣው ነው። የመተማና የቋራ ቆላ የካላዛር አገር ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወርዶ ማሳ ዳር፣ ዛፍ ሥር የሚያድረውን ሠራተኛ ትነድፋለች። ትኩሳቱ አይለቅም፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል። ካልታከመ ይገድላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለው፤ በብዛት የሚሰጠው ሕክምና ሁለት መድኃኒት ተጣምሮ ለ17 ቀን በየቀኑ የሚወጋ መርፌ ነው። ታማሚው አልጋ ያገኛል። አስታማሚውስ? እናት፣ ወንድም፣ ሚስት፣ ያውም አንዳንዴ ከሚጠባ ልጅ ጋር። አስራ ሰባት ቀን የት ያድራሉ?

እኛ ቤት ነዋ።

ስለዚህ ቤቱን ለማደስ ስነሳ ያሰብኩት እንደ ፒንተረስት ፎቶ ማሳመርን አልነበረም። አልዋሽም፣ ፎቶዎቹን አይቻለሁ፤ ደማቅ ግድግዳ፣ ተጣጣፊ አልጋ፣ ተንሸራታች በር፣ ምናምን። ጥያቄዬ ግን ይኼ ነበር፦ ሰኞ ለሁለት ሰው የሚሆን ቤት ረቡዕ ለሰባት ሰው የሚሆነው እንዴት ነው?

አምስት ዓመት ከስምንት ወር

ጣልያን ጎንደር የገባው መጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው። የመጨረሻው የጎንደር አዛዥ ጄኔራል ጉሊየልሞ ናሲ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.። ንጉሡ አዲስ አበባ ከገቡ ከስድስት ወር በላይ አልፎ ነበር፤ የጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ምሽግ እዚሁ ነበር ማለት ነው። ሲደመር አምስት ዓመት ከስምንት ወር። የፋሲለደስ ከተማ ከ300 ዓመት በላይ ኖራለች፤ ዛሬ ፒያሳ ቆመን የምናየው አብዛኛው ነገር የተሠራው ግን በዚያች አጭር ጊዜ ነው።

ጎንደር የ"አማራ" ግዛታቸው ዋና ከተማ ስለነበረች አዲስ ፕላን ተሠራላት። ፕላኑን ያወጣው ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ የፍሎረንስ ሰው ነው፤ አርክቴክት። ዕድሜው ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ነበር። የደሴንና የጅማንም ፕላን ሠርቷል፤ በኋላ የአልባኒያን ዋና ከተማ ቲራናን ሊሠራ ሄደ፣ በ1941 እ.ኤ.አ.፣ ጎንደር ነጻ በወጣችበት ዓመት፣ በወጣትነቱ ሞተ። የዘመኑ ፋሽን ራሽናሊዝም ነበር፦ ጌጥ የሌለው ፊት፣ አግድም የሚሮጥ መስመር፣ የተጠጋጋ ጥግ፣ ከመስኮት በላይ ወጣ ያለ የሲሚንቶ ጥላ። ፖስታ ቤቱን ወይም ሲኒማ ቤቱን ቆም ብላችሁ ብታዩ ይገባችኋል። የዚሁ ዘመን ሥራ በመሆኑ ነው አስመራ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ የሆነችው።

ፕላኑ ግን ቀለምና መስመር ብቻ አልነበረም። ነጮቹ የት እንደሚኖሩና "ተወላጆች" የት እንደሚኖሩ የሚለይ ፕላን ነበር። የዘር ልዩነት ሕጎቻቸው በወጡበት ዘመን የተሠራ ከተማ ነው። አክስቴ ዛሬ ቡና የምታፈላበት በረንዳ ሲሠራ አንድ የቋራ ሰው እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና እንዲጠጣ አልነበረም።

ይኼ ነገር በቀላሉ አላለፈልኝም። የአያቴ አባት በቋራ በረሃ አርበኛ ነበሩ። ቤታችን የሚወራ ወሬ እንጂ በመጽሐፍ የተጻፈ አይደለም፤ ቢሆንም ያደግኩበት ወሬ ነው። እና እኔ የልጅ ልጃቸው ልጅ፣ የጠላታቸውን ቤት የመጀመሪያ ቀለም ካልመለስኩ ብዬ ቢላዋ ይዤ ግድግዳ እየፋቅኩ ነው። አንድ ማታ ለአክስቴ ይኼንኑ አነሳሁባት።

"ድንጋዩን የተሸከመው ማን ይመስልሃል?" አለችኝ። "ጣልያን አምስት ዓመት ኖረበት። እኔ አርባ ምናምን ዓመት ጠረግሁት። ታዲያ የማን ነው?"

መልስ አልነበረኝም። በወረቀት ከሆነ ግን የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የእሷም አይደለም።

ትርፍ ቤት

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። የተረፈው ተወረሰ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ዛሬም "የቀበሌ ቤት" የምንለው የዚያ ቀን ልጅ ነው።

ከጣልያን በኋላ የአንድ ነጋዴ የነበረው ፎቅ በዚህ አዋጅ ተወርሶ ለሦስት አባወራ ተከፈለ። ሰፊው ሳሎን በኮምፔርሳቶ ተቆራረጠ። አንዱ መስኮት ለሁለት ክፍል ተገመሰ፤ ግማሹ ለእኛ ግማሹ ለጎረቤት። በረንዳው ተሸፍኖ ወጥ ቤት ሆነ። ጎረቤቶቹ ቀስ በቀስ ሲለቁ አክስቴ አንዱን ክፍል ጨምራ ያዘች፤ ግርዶሹ ግን እንዳለ ቀረ።

የቀለሞቹን ቀን ያወቅነው ያኔ ነው። ቡና ላይ ተቀምጠን ከአክስቴ ትዝታ ጋር አስተያየናቸው። አረንጓዴው ስትገባ የነበረ ነው፤ ኮምፔርሳቶው ላይም አለ፣ ግድግዳው ላይም አለ፤ ስለዚህ ከ1967 በኋላ። ውኃ ሰማያዊው ግን ኮምፔርሳቶው ላይ የለም፤ ግርዶሹ ሲነሳ ከጀርባው ሰማያዊው እንዳለ ተገኘ። የነጋዴው ነው። ክሬሙን ራሷ ናት ያስቀባችው፣ ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት። ቢጫው የሁሉም መጀመሪያ ነው። መንግሥት በተቀየረ ቁጥር ግድግዳው አብሮ ተቀይሯል።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። ለዕድሳቱ የምፈልገውን ዕቃ ዝርዝር ስጽፍ ሳቄ መጣ፦ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ኮርኒስ፣ ስቱኮ፣ ላሜራ፣ ቡሎን፣ ቱቦ። ወለሉ ሊሾ ነው። ሁሉም ጣልያንኛ! ሰፈሩ ራሱ ፒያሳ ነው። ጣልያንን አባረርን፣ መዝገበ ቃላቱን ግን ገርፈን ወደ አማርኛ አስገባነው። ፌሮ ሲባል ማንም ሮምን አያስታውስም። ቤቱስ እንደ ቃሉ ለምን አይሆንም ብዬ አሰብኩ።

የአክስቴ ፍርሃት ግን የጣልያን ጉዳይ አልነበረም። "ቤቱ ካማረ ዓይን ይገባል" ትላለች። ዓይን ያለችው ቡዳ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፒያሳ ሲፈርስ በቴሌቪዥን አይታለች። የሰው ዕድሜ ሙሉ የኖሩበት ቤት በቀናት ውስጥ ሜዳ ሲሆን አይታለች። "የእኔ ባልሆነ ቤት ላይ የአንተን ገንዘብ?" ለዚህም መልስ አልነበረኝም። ፈቃድ ጠየቅን። የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ፋይላችንን አንዴ ጠፋ፣ አንዴ ተገኘ እያለ ወራት አስቆጠረን፤ በመጨረሻ የተሰጠን ወረቀት የሚለው በአጭሩ፦ ውጪውን እንዳትነኩ፣ ተሸካሚ ግድግዳ እንዳታፈርሱ፣ ውስጡን መቀባትና ጊዜያዊ ግርዶሽ ማንሳት ትችላላችሁ። ለእኛ በቂ ነበር።

ተሸካሚው

ኮምፔርሳቶው በአንድ ቀን ወረደ። ከጓዳው ጋር የሚያዋስነንን ግድግዳም ለማንሳት ቸኩዬ ነበር። ቀጭን ይመስላል፣ ሲንኳኳም ያስተጋባል። መለኪያ ወስጄ ኮምፒዩተር ላይ ሥዬዋለሁ፤ ግድግዳው ሲነሳ ቤቱ እንዴት እንደሚያምር በሦስት አቅጣጫ አሳይቻለሁ። መዶሻ ያነሳሁበት ቅዳሜ የተቀጠሩት ሽማግሌ ግንበኛ ገቡ። ግድግዳውን አዩ፣ ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩ፣ ወደ ምድር ቤት ወርደው ተመለሱ።

"ከዚህ በታች ያለውን አይተኸዋል?"

"አላየሁም አባባ።"

"ግድግዳ ነው። ከዚህ በላይስ?"

ዝም አልኩ።

"የጣራው እንጨት ጫፍ እዚህ ላይ ነው ያረፈው። ምን ተማርኩ ነበር ያልከኝ?"

"ኢንጂነሪንግ። የሶፍትዌር..."

"እህ። እሱ እንኳ ቢወድቅ ሰው አይገድልም።"

በበነጋታው የሲቪል መሐንዲስ ጓደኛዬን አምጥቼ አሳየሁት፤ የግንበኛውን ቃል ደገመልኝ፣ በረዘመ አማርኛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዶሻውን የሚይዙት እሳቸው፣ ባልዲውን የምይዘው እኔ ሆንኩ።

ሁለተኛው ትምህርት ሲሚንቶ ላይ ነው። የግድግዳው ታችኛው ክፍል ሁልጊዜ ይረጥብ ነበር፤ ቀለሙ ይነፋና ይላጣል። አክስቴ በየጊዜው በሲሚንቶ ታስለስነዋለች፤ በየጊዜው ይብሳል። ግንበኛው ሲሚንቶውን በመሮ ሲያነሱት ከሥሩ ያለው የድንጋዩ ማያያዣ እርጥብ ዱቄት ሆኖ ወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በኖራ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ይተነፍሳል። ክረምት የገባው እርጥበት በጋ ላይ በኖራው በኩል ይወጣል። ላዩን በሲሚንቶ ስትደፍነው እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ውስጥ ለውስጥ ይበላል። ጠንካራ ያልነው ልስን ለስላሳውን ግድግዳ እያፈነ ይገድለዋል።

ይኼ ጎንደር የምታውቀው ታሪክ ነው። የፋሲል ግቢ ግንቦች የተሠሩት በድንጋይና በኖራ ነው። በጣልያን ጊዜ ሲጠገኑ ሲሚንቶ ገባባቸው፤ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ያንን ሲሚንቶ እያነሱ በቀድሞው ኖራ ለመተካት ብዙ ደክመዋል። ግቢው በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህም ሥራው ቀጥሏል። የአንድ ቤተ መንግሥትና የአንድ የቀበሌ ቤት ሕመም አንድ መሆኑ ደስ አለኝ።

ኖራ ራሱ የሚገርም ነገር ነው። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል በውስጡ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ውኃ ሲያገኝ ይፈላል፣ ይሟሟል። ግድግዳ ላይ ሲቀባ ደግሞ የለቀቀውን ከአየር እየሳበ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ማለትም የተቀባነው ቀለም አይደለም፤ ስስ ድንጋይ ነው።

ምጣዱ

ነጭ ኖራ አልፈለግኩም። አክስቴ ነጭ ፈለገች። "ንጹሕ ነው፣ ክሊኒክ አይመስልም፣ ሰውም ምንም አይልም።" እኔ ቢጫውን፣ የመጀመሪያውን ፈለግኩ። ግንበኛው ሁለታችንንም ሰምተው ኖራ ሁሉንም ቀለም እንደማይቀበል ነገሩን። ኖራ ያቃጥላል፤ ብዙ የፋብሪካ ቀለም ይበላል፣ ያደበዝዛል። የአፈር ቀለምን ግን አይነካም። ቢጫ አፈር ቢጫ የሆነው በውስጡ ባለ ብረት ነው፤ ዝገት በሉት። የዛገ ነገር ደግሞ ምን ይሆናል?

ቢጫ አፈሩን ነፍተው፣ አጥበው፣ አድርቀው አመጡ። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረጉ። "ያረጀ ምጣድ አለሽ?" አሏት አክስቴን። አንድ እፍኝ ቢጫ አፈር ምጣዱ ላይ በትነው እሳት ሥር ማገዱ፣ እንደ ሽሮ እህል በማማሰያ እያገላበጡ። አፈሩ መጀመሪያ ጨለመ፤ ቀስ በቀስ ብርቱካን መሰለ፤ በመጨረሻ ቀላ። ደረቅ በርበሬ የመሰለ ቀይ። ቢጫው ውስጥ የነበረውን ውኃ እሳት ሲያወጣው ቀይ ይሆናል። አንድ አፈር፣ ሁለት ቀለም፣ መሐላቸው እሳት።

ያን ቀን ስለ ቋራና ስለ ጎንደር ብዙ አሰብኩ። ጎንደሮች ቆለኛን ሲያሾፉ "ከበረሃ ምን ይመጣል?" ይላሉ። እስቲ እንቁጠር። እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ሰው ናት። ባሏ አፄ በካፋ በ1730 እ.ኤ.አ. ሲሞት በልጇ በኢያሱ ሞግዚትነት ዘውድ ጫነች፣ አገር መራች፤ ቤተ መንግሥቱን የሞሉት ወገኖቿ "ቋረኞች" ይባሉ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ቁስቋም ላይ ያሠራችውን ግቢ ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። የፋሲል ግንብ ክብደቱ ነው የሚያስፈራው። የምንትዋብ ግድግዳ ላይ ግን ቀይ ድንጋይ ተጠርቦ መስቀልና ምስል ሆኖ ተሰክቷል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ እንደ ጥልፍ። የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲገባ ያረፈው እዚያው እሷ ግቢ ነው። በጣና ደቅ ደሴት ላይ ያለውን ናርጋ ሥላሴንም ያሠራችው እሷ ናት። ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል የሚባለው፣ ፊቱ ጥላና ብርሃን ያለው ሥዕል፣ በእሷ ዘመን ነው የደመቀው። ሰፈሯን የሚያውቅ ሰው አይደነቅም፤ የቆላ ሰው ቀለም አይፈራም።

ከቆላ የመጣው ግን ቀለም ብቻ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስም የቋራ ልጅ ናቸው፤ በ1866 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጎንደርን ዘርፈው አቃጥለዋል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ በመተማ በኩል ገብቶ የተረፈውን አቃጠለ፤ በዓመቱ፣ መጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ ደርቡሽን ሊዋጉ ወርደው መተማ ላይ ወደቁ። ቋራ ለጎንደር ቀይ ድንጋይም እሳትም ሰጥታለች። ፒያሳው ላይ "ቋራ ሆቴል" የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ኩራትና ዕፍረት አብረው ይመጡብኛል።

"እንግዲያው ቀዩንም ቀቡት" አለች አክስቴ፣ ከምጣዱ ዓይኗን ሳትነቅል። "ነጭ ይቅርባችሁ።"

ትልቁ ክፍል ቢጫ ሆነ። ያ ተሸካሚ ግድግዳ፣ ልጥለው የነበረው፣ ቀይ። የመስኮትና የበሩ እንጨት ውኃ ሰማያዊ፤ ለነጋዴው ማስታወሻ። አረንጓዴውን የመለሰው የለም፤ አክስቴ አጥብቃ እምቢ አለች፣ ምክንያቱን አልጠየቅኳትም።

የጠፍር አልጋ

ቦታውን የሚለዋወጥ ለማድረግ ከስልኬ ብዙ ሐሳብ ለቅሜ ነበር። ዋጋውን ሳይ ተውኩት። ከዚያ የገለጉ ቤታችንን አስታወስኩ።

ገለጉ ያለው ቤታችን አንድ ክፍል ነበር፤ ከሽመልና ከሣር የተሠራ፣ በኋላ ቆርቆሮ የለበሰ። አንድ ክፍል ይባል እንጂ በቀን አራት ቤት ነበር። ጠዋት ማዕድ ቤት። ረፋዱ ላይ ሁሉም ወደ ውጭ ሲወጣ የእናቴ ጥጥ መፍተያ። እንግዳ ሲመጣ መጋረጃው ይሳባል፣ ጓዳ ይፈጠራል። በጋ ማታ ደግሞ ሙቀቱ ስለማያስተኛ የጠፍር አልጋዎቹ ወደ ግቢ ይወጣሉ፤ መኝታ ቤታችን ሰማይ ሥር ይሆናል። ቋሚው ነገር ግድግዳውን ተከትሎ የተሠራው መደብ ብቻ ነው፤ ቀን መቀመጫ፣ ማታ አልጋ፣ ድግስ ሲኖር የዕቃ መደርደሪያ። ከክረምት በኋላ እናቴ ቤቱን በእበትና በአመድ ትለቀልቀዋለች፤ ለእንቁጣጣሽ አዲስ ቤት እንገባለን። ይኼን ሁሉ ማንም "ዲዛይን" ብሎት አያውቅም።

ስለዚህ ፎቁ ላይ ያደረግነው ይኼንኑ ነው። በሁለት ግድግዳ ዙሪያ ከሞራሌና ከጣውላ መደብ ሠራን፤ ሥሩ ፍራሽና ብርድ ልብስ የሚገባበት ሳጥን። ከኮርኒሱ ሥር ሁለት የብረት ሐዲድ ታሰረ፤ ከባድ አቡጀዲ መጋረጃ ይሳብበታል፣ ክፍሉ በአንድ ደቂቃ አንድም ሦስትም ይሆናል። የእኔ የሥራ ጠረጴዛ በማጠፊያ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ ስጨርስ ይታጠፋል፣ ከጀርባው ጥቁር ሰሌዳ ነው፣ ልጆች ይጽፉበታል። ሁለት የጠፍር አልጋ ከገለጉ በጭነት መኪና መጡ። መንገድ ተዘግቶ ገንዳ ውኃ ላይ ሳምንት ቆሙ፣ ግን መጡ። በእነዚህ ዓመታት መንገዱ ሲከፈትም ሲዘጋም ሰዉ መንገድ ላይ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲጀመር በመተማ በኩል የገባውን ሕዝብ ያየ ሰው ቤት ማለት ሲፈልጉ የሚያነሱት ነገር መሆኑን ያውቃል።

ቡናው ረከቦት ብቻ ቦታ አልቀየረም። የአክስቴ ትእዛዝ ነው።

ጥቅምት

ሥራው ያለቀው መስከረም ማብቂያ ላይ ነበር። ጥቅምት፣ የሰሊጥ አጨዳ ሲጋመስ፣ የአጎቴ ልጅ ታሞ መጣ። ካላዛር። እሱ ሆስፒታል ተኛ፤ ሚስቱ፣ እናቱና ሁለት ልጆቻቸው እኛ ጋ ገቡ። አስራ ሰባት ቀን። መጋረጃው ተሳበ። መደቡ ተዘረጋ። እኔ ሌሊት ሌሊት ስሠራ በአቡጀዲው በኩል የሕፃን ማንኮራፋት ይሰማኛል። ጠዋት ሁሉም ይታጠፋል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ ባዶ ሳሎን ነው።

አጎቴ ሚስት የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዕቃዋን ሳታስቀምጥ ቢጫውንና ቀዩን ተራ በተራ ስታይ ቆየችና "የምን ቤት ነው ይኼ?" አለች።

አክስቴ እጇን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት። እዚያ፣ ቢላዋው የጀመረበትን መዳፍ የምታህል ቦታ ሳንቀባው ትተነዋል፤ ነጩ፣ ክሬሙ፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው እንደ እንጀራ ተደራርበው ይታያሉ። አክስቴ በጣቷ እየነካች ጀመረች። "ይቺ ጣልያን ናት። ይቺ የነጋዴው። ይቺ ደርግ። ይቺን እኔ ነኝ ያስቀባኋት..."

የቤቱ ወረቀት አሁንም በስሟ አይደለም። መንገድ ይሠራ ይሆናል፣ አንድ ቀን በሩ ላይ ቀይ ምልክት ይደረግ ይሆናል። ጠየቅኳት፣ እንዲያ ቢሆን ይቆጭሽ ይሆን ብዬ።

"ልጁ ዳነ አይደል?" አለችኝ፣ እና ጀበናውን ጣደች።